በባነር ስለተሰቀለው የሚስቴ ጫማ

ለተከበሩ የማታ ቋንቋ ትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፣

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ ይጥራ፣ ክፍልዎን ተማሪ አይለየው፣ ጫማዎም እግርዎን አይላጥዎ እያልኩ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁት ጫማ ሰፊ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ማሸግ ሲገባኝ ከትምህርት ቤትዎ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት፣ የሰውን ጓዳ ለአላፊ አግዳሚ ማሳየትን ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፤ ከሁለተኛ ክፍል በላይ መዝለቅ አልሆነልኝም፣ ወስፌ የለመደ እጅ ደግሞ እስክሪብቶ ሲይዝ ይኮራል።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ማታው አልገፋ ቢለኝ ወደ እርስዎ መጣሁ፤ እርስዎም "ስቲል" የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ጀምሮ ያላቆመን ነገር "አሁንም አለ" ለማለት እንደምታገለግል በትዕግሥት አስረዱኝ። መጀመሪያ ላይ እንደ ጨው በየቦታው በተንኳት። የበሩን ጥበቃ "ስቲል እንደምን አመሸህ" ስለው የልጅ ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እርስዎ ግን አልሳቁም። ያን ጊዜ ሰው አገኘሁ አልኩ።

ሁለተኛ፣ አንድ ማታ በዚህችው ቃል ስለ ራሳችን አንድ እውነት እንድንናገር አዘዙ። ሁላችንም አንገታችንን ብንቀብር "በዚህ ክፍል የተባለ በዚህ ክፍል ይቀራል፣ አባቴ" አሉኝ። አባቴ ያለኝን ሰው እንዴት ልጠርጥር? ተነሥቼ፣ ለልጆቼ እንኳ ያልነገርኩትን፣ የሚስቴን ጫማ አሁንም ማታ ማታ ወልውዬ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሬ በሩ ሥር እንደማስቀምጥ ተናገርኩ። ጫማውን የሰፋሁላት እኔው ነኝ፤ ወገቧን ያማት ስለነበር ጎህ ሳይቀድ ለሥራ ስትወጣ ጎንበስ ብላ እንዳታዞረው ስል የለመድኩት ነው። በአማርኛ ቢሆን ከአፌ ባልወጣ፤ በሰው ቋንቋ ሲሆን ጉድጓድ ቆፍሮ የመቅበር ያህል መሰለኝ። ቃሏ በቦታዋ ገብታ ኖሮ አስጨበጨቡልኝ።

ሦስተኛ፣ ጭብጨባው ሳይበርድ የቀበርኩት ባነር ሆኖ በራችሁ ላይ ተሰቀለ። ለመታወቂያ ብላችሁ ያነሳችሁኝ ፎቶ አልጋ አክሏል፤ ከሥሩ ንግግሬ በእንግሊዝኛ፣ የማይገባው ሰው እንዳይቀርበት ደግሞ በአማርኛ፤ ከዚያም በታች "እኚህ አባት ከቻሉ እርስዎን ምን ያቅትዎታል?" ይላል። አስበውልኛል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቴ ባየኝ ቁጥር "አባባ፣ እትዬ ጫማቸው ልክ ሆነላቸው?" ይለኛል።

አራተኛ፣ ልጄ አነበበው። የበኩር ልጄ ነው፣ ክፉ አይደለም። አባባ ብቻውን ሲኖር ሳናውቅ ጭንቅላቱ ተነካ ብሎ ከእህቱ ጋር መክሮ ጫማውን በፌስታል ቋጥሮ ወሰደ፤ በሚመጣው እሑድም ቤቴን ዘግቶ እኔን ወደ ቤቱ ሊያስገባ ቀጥሯል። ጤነኛ ነኝ ስለው፣ እብድ መቼ አብጃለሁ ይላል አለኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ ባነሩን አውርደው፣ ከእሑድ በፊት ልጄ ዘንድ ሄደው፣ አባትህ የተከዳ እንጂ ያበደ አይደለም ብለው፣ እኔን ሲያስተምሩ እንደነበረው ቀስ ብለው እንዲያስረዱልኝ ነው። ሲመለሱ ፌስታሉን ይዘውልኝ ቢመጡ አልጠላም። እኔ እስከዚያው፣ ጫማው የነበረበትን ቦታ ማታ ማታ እጠርጋለሁ። ስቲል።

ሳይጠየቅ የደጅዎ ማድመቂያ የሆነው፣ ፎቶው ከራሱ የገዘፈው፣ ጭብጨባዎ እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ ያለው፣
የቀድሞ ተማሪዎ፣ ጫማ ሰፊው

እንዳይረሳ፦ ባነሩን ማውረድ ከከበደዎ ፊቱን ወደ ውስጥ ያዙሩት። በዚህ ክፍል የተባለ በዚህ ክፍል ይቀራል ብለውኝ የለ?