የላክህልኝ ጂፒኤስ ያመጣብኝ ጣጣ

ለወንድሜ ለአክመል፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? የዱባይ ሙቀት በረድ አለልህ? ወገቤን ያመኛል ያልከውስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ታክሲህ ውስጥ ተቆልፈህ ነው የምትውለው? ሬሐናስ፣ ትንሿ ልጅህ ሚንሃስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። አገሩ ግን ደህና አይደለም። ገበሬውን ከመሬቱ ያነሳል በሚባለው ማስተር ፕላን ሰበብ ዛሬ መንገድ ይዘጋል፣ ነገ ሱቅ ይዘጋል። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ሰሚ እንዳይኖር ብዬ ነው፤ ደብዳቤውን የሚያመጣልህ ሰው የታመነ ነው።

የላክህልኝ የመኪና ጂፒኤስ ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ። ግን እንዳትቀየመኝ፣ ነቅዬዋለሁ። አሁን መንገድ የሚያሳየኝ ስልኬ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ባለፈው ማክሰኞ ሳሙናና ዘይት ጭኜ ለሱሉልታ ደንበኞቻችን ላደርስ ተነሳሁ። አስፋልቱ ተዘግቷል ስላሉኝ በቡራዩ በኩል በገጠሩ መንገድ ልሂድ ብዬ ዕቃህን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። ኦቦ ገርባም ቡራዩ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ጋቢና አብረውኝ ተቀመጡ። መቼም አትረሳቸውም፣ ዓለም ገና ስንመጣ የመጀመሪያዋን ቤት ያከራዩን እሳቸው ናቸው።

ቡራዩ ልንደርስ ስንል ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘግተውታል። ቆምኩ። ያቺ ዕቃህ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ደግሞ በእንግሊዝኛዋ መለፍለፍ! አንዱ አንገቱን አስግጎ ምንድነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ጅሉ ካርታ ነው ብዬው አረፍኩ። በዚህ ወር፣ በዚህ መንገድ፣ ካርታ! ቀያሽ ነው፣ መሬት ሊለካ የመጣ ነው ተባለና መኪናዋን ከበቧት። ድንጋዩን በእጃቸው ሳየው መስኮቴን ዘጋሁ። ኦቦ ገርባ ወርደው በኦሮምኛ፣ ይሄ ልጄ ነው፣ ነጋዴ ነው፣ እኔን ሳትመቱ እሱን አትነኩም አሏቸው። ለሳቸው ሲሉ ለቀቁኝ።

ዕቃውን እዚያው ነቅዬ ወንበር ሥር ወሸቅኩት። ስልክ ይሻላል፤ ሁሉም ስለያዘው ማንም ቀያሽ አይለኝም። ካርታውን ቤት ሳለሁ አወርደዋለሁ፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል፣ ሰው ካየሁ ኪሴ እከተዋለሁ። እሱንም ቢሆን አላምነውም። ትናንት የት ቆሜ እንደነበር ሳልነግረው ያውቃል። ለማን እንደሚያወራ በምን አውቃለሁ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ባለቤቴ ራቢአ፣ አሁንስ ጥላህንም ልትጠረጥር ነው እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

የጎዳኝ ግን ይሄ አይደለም። የኦቦ ገርባ ነገር ነው። በሦስተኛው ቀን ሱቅ መጡና፣ ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ የእኔ መሬት እዚያ ካርታህ ውስጥ አለች ወይ አሉኝ። እኔን! ጥርጣሬያቸው እንዲወጣላቸው ስልኬን ከፍቼ ሰፈራቸውን ፈለግኩላቸው። መንገዱ አለ። ፋብሪካው በስሙ ተጽፏል። የሳቸው ማሳና ግቢ፣ አባታቸው የተቀበሩበት ቦታ ግን ባዶ ነጭ ነው። ደስ ብሎኝ፣ ይኸው ይመልከቱ፣ ማንም አልነካዎትም አልኳቸው። ብዙ ቆይተው አዩትና፣ ከወዲሁ አንስተውኛል ማለት ነው አሉ። ይህን ብለው ወጡ።

አንተ ከእኔ ይልቅ ይህን ነገር ታውቀዋለህ። የሰው ቤት እዚያ ላይ በስሙ የሚጻፍበት ዘዴ ካለ አስረዳኝ። ግን ስማቸውን ባስገባው ደግሞ ማን እንደሚያነበው እፈራለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

እናታችን ዱዓ አድርግልኝ፣ ስትነዳም ቀስ በል ብላሃለች። ራቢአ ሬሐናን እጅግ አድርጋ ሰላም ትላለች። ሚንሃን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ኦቦ ገርባ ለአንተ ስጽፍ ሁሌም አክመልን ሰላም በልልኝ ይሉኝ ነበር። ዛሬ ልጽፍለት ነው ብዬ ስነግራቸው ቀና ብለው አላዩኝም።

ወንድምህ ሀሰኖ
ዓለም ገና፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2008 ዓ.ም.