አፌን የሸፈነው እጅ

ውድ አባቴ፣

ይህ ቃል ለአፌ እንግዳ ነው። እህትዎ ተናኘወርቅ “አባትሽ አንቺ ሳትወለጂ በጦር ሜዳ ሞቱ” ብላ ስላሳደገችኝ፣ “አባቴ” ብዬ የምጠራው ሰው አልነበረኝም። ዛሬ የምነግርዎት ነገር አለኝ፤ የሚጀምረውም ከስልኬ ነው።

እዚሁ ሐረር የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ዮናስ የሚባል ተመራማሪ ትምህርት ቤታችን መጥቶ፣ ጤነኛ ሰዎች የየዕለት ጭንቀታቸውን በስልካቸው ራሳቸው የሚከታተሉበት ጥናት ውስጥ እንድንገባ ጠየቀን። ነገሩ ቀላል ነው። ስልኩ በቀን ደጋግሞ ይጮሃል፤ “አሁን ምን ይሰማሻል?” ይላል። መልስ ሰጥቼ ጣቴን ካሜራው ላይ ሳሳርፍ የልቤን ምት ይለካል። ያለሁበትንም ቦታ ይይዛል። ሳምንቱ ሲያልቅ ሁሉን በካርታ ያሳየኛል፤ አረንጓዴው እርጋታ፣ ቀዩ ጭንቀት።

የእኔ ካርታ አረንጓዴ ነበር። ከርዕሰ መምህሩ ጋር የተጨቃጨቅኩ ዕለት እንኳ ቢጫ ብቻ ነው የሆነው። ወደ ጊደር መጋላ ገበያ በማቋርጥባት አንዲት የጀጎል ጠባብ መንገድ ላይ ግን ቀይ ነጥብ ነበረች። በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው። ከዚያም በኋላ እዚያው። እኔ ደግሞ እዚያ ቦታ የመለስኩት ሁልጊዜ “ደህና ነኝ” የሚል ነው። ደህናም ነበርኩ። በኖራ የተቀባ ግንብና አንድ ሰማያዊ በር እንጂ ሌላ ምንም የለም።

ዮናስ “የስልኩ ስህተት ነው፤ ከመረጃው እናወጣዋለን” አለኝ። አልዋጥልኝ አለ። ከክፍል በኋላ የሥራ ባልደረባዬን ዘይነባን ይዤ ሄድኩ።

በሩ ፊት ቆመን መጀመሪያ እሷ ጣቷን አሳረፈች። የተረጋጋ ምት ነው። ከዚያ እኔ። ቁጥሩ እየዘለለ ወጣ።

“ሱብሃነላህ! ስትሮጪ ነው እንዴ የመጣሽው?”

“አብረን አይደል የመጣነው? ምንም አልተሰማኝም እኮ።”

ዘይነባ ስልኩን ትታ ፊቴን አየች።

“ሕይወት፣” አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “አፍሽን ለምን ሸፈንሽ?”

ግራ እጄ አፌ ላይ ነበር። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ላወርደው ስል የሌላ ሰው እጅ ይመስል ከበደኝ።

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። አንዲት አሮጊት ቆመዋል።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ፤” አሉኝ። “በዚህ ደጅ ስታልፊ አፍሽን ትይዣለሽ። በመስኮት አይሻለሁ። ልጠራሽ እልና እፈራለሁ፤ ሰው ትሁኚ ጂኒ አላወቅኩም ነበር። የወታደሩ የወልደ ጊዮርጊስ ልጅ አይደለሽም?”

ስምዎን ስሰማ “አዎ፣ ነኝ” አልኳቸው።

እማማ ኸዲጃ ይባላሉ። ነደባው ላይ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት የሳሎኑ መደብ፣ አስቀምጠው ሁሉን ነገሩን። በሰማንያ ሦስት መንግሥት የወደቀ ሰሞን፣ የታጠቁ ሰዎች ሲያሳድዱዎት እኔን አቅፈው እዚያ ቤት እንደገቡ። እናቴ በወሊድ ስለሞተች ከእርስዎ በቀር የሚይዘኝ እንዳልነበረ። እማማ ከጓዳው ኋላ ያለች መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ደበቁን። ፈላጊዎቹ ገብተው፣ እኛ የተቀመጥንበት ነደባ ላይ አረፍ ብለው ውሃ ጠጡ። እኔ ላለቅስ ስል እርስዎ አፌን በመዳፍዎ ከደኑት።

“ሲሄዱ ክፍሉን ብከፍት፣” አሉ እማማ፣ “ፊትሽ ጠቁሯል። አባትሽ እጁን ማንሳት አቃተው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ነው አላህ ትንፋሽሽን የመለሰው።”

በማግስቱ እርስዎ “እመለሳለሁ፤ እስክመጣ ልጄን ለማንም እንዳትሰጡብኝ” ብለው በሰንጋ በር ወደ ሶፊ ገጠር ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያየዎት የለም። ብዙ ቆይታ አክስቴ አፈላልጋ መጥታ ወሰደችኝ።

አክስቴ ስጠይቃት አልካደችም።

“በር በር እያየሽ እንዳታድጊ ብዬ ነው፤” አለች። “ለሞተ ይለቀስለታል፣ ያበቃል። የጠፋ ሰው ግን በየቀኑ ይሞታል።”

ለዮናስ ቀይዋን ነጥብ እንዳያወጣት ነገርኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሄድኩና ወደዚያች ክፍል ብቻዬን ገባሁ። ስልኬን ለእማማ ሰጥቼ በሩን ዘጋሁት። በጨለማው ውስጥ የሰማሁት ትንፋሽ አንድ አልነበረም፤ ሁለት ነው። አንዱ የእኔ ነበር። ሌላው ከጀርባዬ፣ ከአንገቴ ሥር፣ እንደሮጠ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ዞሬ አላየሁም። ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። አፌን የያዘኝ የለም። ለቅሶዬ ሲበርድልኝ የሚሰማው የእኔ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

አባቴ፣ ያን እጅ አልተቀየምኩትም። ባይኖር ሁለታችንም አንተርፍም ነበር። ሳይመለሱ የቀሩት በእሱ አፍረው ከሆነ፣ ይኸው አለሁ፤ ያኔ ከነበሩበት ዕድሜ ዛሬ እኔ እበልጣለሁ።

ይህን ደብዳቤ እማማ ኸዲጃ ዘንድ አስቀምጫለሁ። አደራዎን የተዉት እዚያ ነውና፣ የሚመጡም ከሆነ ወደዚያው ነው። ያን ቀን እንዳይታወቁ ለብሰውት የወጡት ሽርጥና ኮፊያ የእማማ ሟች ባለቤት ነበር አሉኝ። “የሰው ልብስ ነው፣ ይመልስ” አሉ እየሳቁ፣ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ሌላ ምክንያት ካጡ፣ እሱን ለመመለስ ይምጡ።

ልጅዎ
ሕይወት ወልደ ጊዮርጊስ
ሐረር፣ ጥር 2010 ዓ.ም.