በጥላ ካቢኔው ውስጥ የያዝኩት ወንበር

ሰኞ

«አልቀበልም» አልኩት ሌናርትን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። 

ሌናርት እዚህ ስዊድን የፓርቲያችን የወረዳ ሊቀመንበር ነው። ባለፈው ምርጫ ከተሸነፍን ወዲህ «የጥላ ካቢኔ እናቋቁም» ሲል ከርሟል። አሸናፊዎቹ ለሾሙት ለእያንዳንዱ ኃላፊ ከእኛ አንድ ሰው ይመደባል፤ ይከታተለዋል፣ ይሞግተዋል፣ ነገ ብናሸንፍ ሥራውን ይረከባል። ዛሬ ስሞቹን ከወረቀት አነበበ። የአረጋውያን ጉዳይ ለኦኬ፣ ለጠበቃው። ቀጥሎ፦ «ዘሃራ፣ የስደተኞች ጉዳይ።»

«ለምን አትቀበይም?» አለኝ። በሱ ቤት አክብሮኝ ነበር።

«ስደተኛ የሆንኩት አንድ ጊዜ ነው። አረጋውያንን ሳነሳና ሳስተኛ ግን አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

  የአረጋውያኑን ወንበር ማን ይያዝ የሚለው ረቡዕ በድምፅ ይወሰን ተባለ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሰዒድ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ጠብ አይወድም። «ምናለ የሰጡሽን ብትቀበይ?» አለ።

አልቀበልም።

ማክሰኞ

ሥራ ስገባ ዱብ ዕዳ ጠበቀኝ። እዚህ ሰፈራችን ሄሰልቢ የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ምግቡ ከፋብሪካ በፕላስቲክ ታሽጎ ይመጣል፣ እኛ እናሞቃለን። የወረዳው ምክር ቤት ሐሙስ ይወስናል።

ከነዋሪዎቹ አንዷ ብሪታ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል። በስዊድንኛ ሁሉም ሰው «አንቺ» ነው የሚላቸው፣ እኔም ጭምር። በልቤ ግን ሁልጊዜ እርስዎ ናቸው። «ሽንኩርት ሲጠበስ ሲሸተኝ ነው ምሳ ሰዓት መድረሱን የማውቀው። ከእንግዲህ በምን ልወቅ?» አሉኝ።

 ወጥቼ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፣ ንዴቱ ይሻላል።

ስለ ወጥ ቤቱ ለባልደረቦቼ ሳወራ የሰማችኝ አለቃችን ማርጋሬታ ኮሪደር ላይ አስቁማኝ «እዚህ ፖለቲካ አይወራም» አለችኝ። ስለ ምሳ ነው የማወራው አልኳት።

ረቡዕ

ወንበሩን ወሰድኩት!

ኦኬን በሰው ፊት ጠየቅኩት። «መዋጥ የሚቸግረውን ሰው ምሳ ለማብላት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አሥር?»

«አርባ። ያውም ትን ካላለው።»

ኦኬ መነጽሩን አወለቀ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ «እኔም ድምፄን ለእሷ ነው የምሰጠው» አለ። ደህና ሰው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በልቤ ስሰድበው ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሌናርት ጨበጠኝና ወዲያው «እንግዲያው ነገ ምክር ቤት የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አለ። ሦስት ደቂቃ። በስዊድንኛ!

ለነገ፦ ፈረቃ መለዋወጥ። ሰማያዊው ሻሽ ይተኮስ። ሰዒድ ሲወጣ ጮክ ብሎ መለማመድ።

አልፈራም። ውሸት ነው፣ እፈራለሁ። ግን እናገራለሁ።

ሐሙስ

ሴሲሊያ ቀድማ ተናገረች። ገዢዎቹ የሾሟት የአረጋውያን ጉዳይ ኃላፊ ነች፤ እኔ የተመደብኩት እሷን ለመሞገት ነው። ወረቀት አታይም፣ ስዊድንኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል።

ተራዬ ደረሰ። ጀመርኩ። «ለአረጋውያን ይብሰል» ልል ፈልጌ አንዲት ትንሽ ቃል ዋጥኩና «አረጋውያን ይብሰሉ» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከኛ ወገን ያሉት ሳይቀሩ ሳቁ። ጆሮዬ ነደደ። ወረቀቱን አጠፍኩና ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«እናንተ ሳቃችሁን ስትጨርሱ እኔ እቀጥላለሁ» አልኩ።

 የቀረውን ከራሴ ተናገርኩ። በመጨረሻ ወደ ሴሲሊያ ዞርኩ። «ነገ ምሳ ሰዓት ነይና አንድ ሰው አብዪ። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤቱ ይዘጋ ካልሽ፣ እኔ ፊት በዪው።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ እየጻፈ ነበር። ሴሲሊያ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «እመጣለሁ» አለች። ድምፅ መስጠቱ ለነገ ከሰዓት ተላለፈ።

ዓርብ

መጣች። ብቻዋን።

ሽርጥ አስታጠቅኋትና ብሪታ አጠገብ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ቸኮለች፤ ብሪታ አፋቸውን ዘጉባት። እጇን ይዤ አሳየኋት፦ ትንሽ፣ ከዚያ መጠበቅ። ስልኳ ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ አላነሳችውም። ብሪታ «እጅሽ ለስላሳ ነው፣ ሥራ አይተሽ አታውቂም» አሏት። ሴሲሊያ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ከሰዓት ሌናርት ደወለ። ወጥ ቤቱን የመዝጋቱን ሐሳብ አልሰረዙትም። ግን ውሳኔው እስከ ጸደይ ተገፍቷል፤ «እንደገና ይጠና» ያለችው ራሷ ሴሲሊያ ናት። ሌናርት ድል ነው ይላል። እኔ ግማሽ ድል ነው እላለሁ።

ከመውጣቴ በፊት ማርጋሬታ የታሸገ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ሰኞ በሦስት ሰዓት «ስለ ሠራተኛ ታማኝነት» ልትጠይቀኝ ትፈልጋለች። የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው አብሮኝ እንዲገባ ደውዬ ነግሬያለሁ።

ሰዒድ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ያባርሩሽ ይሆን?» አለ።

«እንጃ።»

«ብትባረሪስ ወንበሩን ትለቂያለሽ?»

«ወንበሩን የሰጡኝ እነሱ አይደሉም» አልኩት።

ተነስቶ ጓዳ ገባ። ሰኞ ተረኛ ነው፤ ለሥራ ባልደረባው ደውሎ ፈረቃ ለውጠኝ ሲለው ሰማሁ።