ከመኪና ሥር የኖሩት የባለቤቴ የሕይወት ታሪክ

እግሬ ፔዳሉን ቀድሞ ለቆት ይሆን?

ይህን ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ጽሑፉን በኮምፒውተር የምትለቅምልኝ የልጅ ልጄ "አያቴ፣ የሕይወት ታሪክ እኮ በልደት ነው የሚጀመረው" ብላ ተቆጥታኛለች። ልክ ናት። እኔ ግን ከስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ሆዴ ውስጥ ያለውን ካላስቀደምኩ እጄ አይታዘዝልኝም። ደግሞም እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ ስለ ወንድ ልጄ የምትሉትን አውቃለሁ። አባቱ አፈር ሳይለብሱ እውነቱን ብትሰሙ ይሻላል። ባለቤቴን በቤት ውስጥ "አንተ" ነበር የምላቸው፤ በወረቀት ላይ ግን አንቱታ ይገባቸዋል።

እንግዲህ ወደ ልደታቸው።

ባለቤቴ ከጋሪ ነጂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት ከገበያው ጀርባ ባለ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። አባታቸው ቀኑን ሙሉ ጋሪ ላይ ሲንገጫገጩ ውለው ማታ ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ያዩ ስለነበር፣ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ከወዳደቀ ብረት መሐል የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ለቅመው ከመቀመጫው ሥር አሰሩላቸው። መሥራቱን ለማወቅ ውኃ የሞላ ጣሳ መቀመጫው ላይ አስቀምጠው ጋሪውን እስከ መንገዱ ጫፍ አስነዱት። ግማሹ ውኃ ፈሰሰ። ግማሹ ግን ተረፈ። አባታቸው "ግማሽ ወገብ አተረፍኩ" ብለው ሳቁ ይባላል።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1960 ዓ.ም. በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ጋራዥ በዕቃ አጣቢነት ተቀጠሩ። ከዕቃ ማጠብ ወደ ባሌስትራ፣ ከባሌስትራ ወደ ፍሬን ክፍል ተዛወሩ። መኪና የሚመረምሩት በጆሯቸው ነበር። በኋላ የራሳቸውን ጋራዥ ሲከፍቱም ደንበኛ ሲመጣ ኮፈኑን አይከፍቱም፤ መጀመሪያ "ድምፁን አሰማኝ" ይላሉ። ሞተር አስነሳ ማለታቸው አይደለም፤ በአፍህ አውጣው ማለታቸው ነው። ከረባት ያሰሩ ትልልቅ ሰዎች ግቢያችን መሐል ቆመው "ሲጥጥጥ" እና "ቋ፣ ቋ፣ ቋ" ሲሉ እኔ በመስኮት እያየሁ በነጠላዬ አፌን እይዝ ነበር። እሳቸው ግን አይስቁም። "ሲጥ ካለ የፍሬን ሸራ አልቋል፤ ጉድጓድ ስትገባ ቋ ካለ ባሌስትራው ተሰብሯል" ብለው ወደ ሥራቸው ይገባሉ። ከዚያ የመኪናውን አንድ ጥግ በሁለት እጃቸው ተጭነው ይለቁታል። አንዴ ተነስቶ ጸጥ ካለ ጤነኛ ነው። ሦስቴ አራቴ ከተወዛወዘ "ይሄ መኪና ሰክሯል፣ እዚህ ይደር" ይላሉ።

በ1969 ዓ.ም. እኔን አገቡ። እኔ ያኔ በአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ የፍሬን ሸራ ገዝተው "ልኩ አይደለም" እያሉ መለሱ። በአራተኛው ልኩን ራሴ ለክቼ ሰጠኋቸው። እሱንም መለሱት። "ምኑ ነው ያልተስማማዎት?" ስላቸው "ከተስማማኝ በምን ልመለስ?" አሉኝ። ሥራ መሄድ የቀረልኝ ከሠርጉ በኋላ ነው።

በ1974 ዓ.ም. የራሳቸውን ጋራዥ በቤታችን ጓሮ ከፈቱ። መኪና ከሥሩ የሚሠራበት አንድ ጉድጓድ፣ ከላዩ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ላይ በየመጠኑ የተሰቀሉ ቁልፎች፤ የወጥ ቤቱ በር በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ይከፈታል። የኔም ሥራ እዚያ ላይ ጀመረ። ፍሬን ከተሠራ በኋላ በቱቦው ውስጥ አየር መቅረት የለበትም፤ አየሩን ለማውጣት ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ሾፌሩ ቦታ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ ጎማው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እሳቸው ከሥር ሆነው "ርገጪ!" ይላሉ፤ እስኪጠነክር እረግጣለሁ። "ያዢ!" ይላሉ፤ እይዛለሁ። ብሎኑን ሲከፍቱት አየሩ ከዘይቱ ጋር ይወጣል፣ ፔዳሉም ከእግሬ ሥር ይሰምጣል። ብሎኑን ዘግተው "ልቀቂ!" እስኪሉ ድረስ እግሬን ማንሳት የለብኝም። ቀድሜ ካነሳሁ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ነገሩ ይኸው ነው። መኪና መንዳት ሳልችል ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ ዕድሜዬን ጨረስኩ። የሰፈሩ ልጆችም ባለቤቴን "ጋሽ ርገጪ" ብለው ስም አወጡላቸው። እሳቸው ሲሰሙ "ምናለ ጋሽ ልቀቂ ብትሉኝ፣ ሚስቴ ደክሟታል" ይሏቸው ነበር።

ሁለት ልጆች ወለድን። በ1971 ዓ.ም. ዛሬ መምህርት የሆነችው ሴት ልጃችን፣ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ወንዱ ልጃችን ተወለደ። ወንዱ ትምህርቱን እንደጨረሰ ወደ አባቱ ጉድጓድ ገባ፤ ሥራውን ሲችለው ባለቤቴ ለሰው "እጁ ከኔ ይበልጣል፣ ግን እንዳትነግሩት" ይሉ ነበር። ሁሉም ነገሩት።

አሁን ወደ ሰኔ 2005 ዓ.ም. ልምጣ፤ ውኃ ልጠጣና ልቀጥል።

ያን ቀን የዳቦ ቤቱ ማመላለሻ መኪና ፍሬኑ ተሠርቶ አየር ማውጣት ብቻ ቀርቶት ነበር። ባለቤቴ ከሌላ መኪና ጋር ስለነበሩ ከሥር የተኛው ልጄ ነው። እኔ እንደ ሁልጊዜው ፔዳሉ ላይ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አብራን የምትኖረው የሴት ልጄ ልጅ፣ ይህችው የምትጽፍልኝ፣ ከትምህርት ቤት መምጣት ካለባት ግማሽ ሰዓት አልፏል። እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ሰው አምስት ደቂቃ ከቆየብኝ ጎርፍ ወስዶታል፣ መኪና ገጭቶታል። ሦስቱ ጎማዎች አልቀው የመጨረሻው ላይ ሳለን "ያዢ!" አለ ልጄ። ያዝኩ። በበሩ በኩል ሰማያዊ ቦርሳ ያዘለች ልጅ እየሮጠች አለፈች። የኔዋ መሰለችኝና ከወንበሩ ብድግ አልኩ። የኔዋ አልነበረችም። ተመልሼ ስቀመጥ እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበር። ግን ሁልጊዜም እዚያው ነበር ወይስ ተነስቶ ተመልሶ? አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

አንቺ የልጅ ልጄ፣ ይህን ስትጽፊ እንዳታለቅሺ። ሰባት ዓመትሽ ነበር። ከደብተር መሸጫው ሥር መጠለልሽ የጨዋ ልጅ ሥራ ነው። ባትጠለዪ ኖሮ ነበር የምገርፍሽ።

ባለቤቴ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው። ፍሬኑ የተነካ መኪና እሳቸው ራሳቸው ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ቁልቁለት ሦስት ጊዜ ሳይወርዱበት ቁልፉ ለባለቤቱ አይሰጥም። ያን ቀን ግን እኔ "ልጄን! ልጄን!" እያልኩ ግቢውን አመስኩት። እሳቸው የያዙትን ጥለው፣ መኪናቸውን አስነስተው ልጅቷን ፍለጋ ወጡ። በመሐል የዳቦ ቤቱ ሾፌር ቸኩሎ መጣ። ልጄ ፔዳሉን ደጋግሞ ሲረግጠው ጠነከረለት፤ ደህና መሰለው፤ ቁልፉን ሰጠው። ሾፌሩ ቁልቁለቱ መሐል ሲደርስ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። መኪናው የአናጺውን አጥር ሰብሮ ቆመ። የሾፌሩ ነፍስ ተረፈች፤ እግሩ ግን ተሰበረና ዛሬም ያነክሳል። እዚህ ከመካከላችሁ ቆሟል። ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።

በማግስቱ ባለቤቴ የመኪናውን አራቱንም ጎማዎች ፈተሹ። ከመጨረሻው አየር ወጣ። በሰው ሁሉ ፊት ልጄን "አየር ትተህ መኪና አስረከብክ። ከእንግዲህ እኔ ጉድጓድ ውስጥ አትገባም" አሉት። ልጄ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ሄደ።

እኔም ዝም አልኩ። ምን ብዬ ልናገር? እግሬ መነሳቱን አላየሁም አልኩ ለራሴ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ብናገር ባለቤቴ ዳግመኛ ወደ ፔዳሉ አይጠሩኝም ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ "ልቀቂ!" ሲሉኝ ሦስቴ ካልደገሙልኝ አለቅም ነበር። "ሴትዮ፣ ከፔዳሉ ጋር ተጋባሽ እንዴ?" ይሉኝ ነበር።

ልጄ ከድልድዩ ማዶ ትንሽ ጎማ መጠገኛ ከፈተ። ፍሬን የሚባል ነገር ዳግም አልነካም፤ ሰው ሲጠይቀው "እሱን ሌላ ቦታ" ይላል። ሰፈሩ ደግሞ አላረፈም፤ "አየሩ" ብሎ ስም አወጣለት። "አየሩ መጣ፣ መስኮት ክፈቱ" እያላችሁ ስትስቁ ሰምቻለሁ። አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ሲወልድ፣ ልጆቹ ወደኛ ይገባሉ፣ እሱ ከውጭ በር ላይ ይጠብቃል። አባትና ልጅ በአንድ ሕፃን አፍ "ደህና ነው ወይ በለው"፣ "ደህና ነኝ በላቸው" እየተባባሉ ዓመታት ኖሩ።

በ2014 ዓ.ም. ባለቤቴን ሳል ጀመራቸው። በሙያቸው ዘመን ሁሉ የፍሬን ታምቡር በከፈቱ ቁጥር አቧራውን በአየር ግፊት እያራገፉ ሲተነፍሱት ኖረዋል። አፍንጫህ ላይ ጨርቅ እሰር እያልኩ ስንቱን ዘመን ጨቀጨቅኳቸው! ሐኪሙ የሳንባቸውን ፎቶ አይተው "ጋሼ፣ ስንት ዓመት አጨሱ?" ቢሏቸው "ሲጋራ ቀምሼ አላውቅም፣ እኔ የማጨሰው ፍሬን ነው" አሏቸው። በ2015 ዓ.ም. ጋራዡን ዘጉ። በኋላም አልጋ ላይ ዋሉ፤ ለስድስት ወር ከቤት አልወጡም።

በጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ግን በከዘራ እየተደገፉ፣ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ እየተቀመጡ፣ ድልድዩን ተሻግረው ልጃቸው ዘንድ ደረሱ። የሆነውን የነገረኝ ልጄ ነው።

"አባዬ! ማን አመጣህ?"

"እግሬ።" ጎማ ላይ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩና "ያ የዳቦ መኪና፣ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም" አሉት።

"የኔ ነው። ሳልፈትሽ አስረከብኩ።"

"መፈተሽ የኔ ሥራ ነው። ጥዬ የሄድኩት እኔ ነኝ።"

"አባዬ፣ አሁን ደግሞ በዚህ ልንጣላ ነው?"

ያን ጊዜ እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀጥለውም ከላይ እስከ ታች አይተውት "ቱታህ ግን ንጹሕ ነው፤ መካኒክ ነኝ ትላለህ?" አሉት። ልጄ በመኪናው ወደ ቤት መለሳቸው። ከውጭ በሩ አልቆመም፤ ደግፏቸው ገባ። በሳምንቱም የጓሮውን ጋራዥ ከፍቶ ጉድጓዱ የያዘውን ውኃ ቀዳ፤ ባለቤቴ በመስኮት በኩል "እዚያ ጥግ ላይ ቀርቷል!" እያሉ ያሠሩት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሃያ አራት ቀን ኖሩ። የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ በስድስት ሰዓት፣ ልጃቸው ትራሳቸውን ከፍ አድርጎ እንደያዘ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን እኔን፣ ሴትና ወንድ ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በየመንገዱ በሰላም ሄደው በሰላም የሚመለሱ ብዙ ሾፌሮችን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ቁልቁለት በሌለበት፣ ትንፋሽ በማያጥርበት ሜዳ ያሳርፍልን። ለኛም መጽናናቱን ይስጠን።

የልጅ ልጄ "እዚህ ላይ ይበቃል" ትላለች። አይበቃም። ያን ጠዋት ምን አስነሳቸው ብላችሁ ሁላችሁም ጠይቃችሁኛል፤ እኔም "ልጃቸው ናፍቋቸው ነው" ብዬ መለስኩ። ዋሽቻለሁ። ልጄም ቢሆን ይህን የሚሰማው ዛሬ ከናንተ ጋር ነው።

ያን ጠዋት ፊታቸውን ለብ ባለ ውኃ እያበስኩላቸው ነበር። እጃቸው አጥንት ብቻ ሆኖ አየሁት። "ያ አየር በኔ እግር የገባ ይመስለኛል" አልኳቸው። ሰማያዊ ቦርሳዋን፣ ከወንበሩ መነሳቴን፣ ልጁ ዞሮ እንዳየኝ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲሰድቡኝም ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ብርድ ልብሱን ገፍተው እግራቸውን መሬት ላይ አወረዱ። "ወዴት ነው? ውጭው ብርድ ነው፣ ደረትህን ይመታሃል" አልኩ። ጫማቸውን ሳቡ። ላስርላቸው ጎንበስ ስል እጄን ቀስ አድርገው ወደ ጎን አሉና ማሰሪያውን ራሳቸው አሰሩ፤ ሁለቱንም። "እሺ ሹራቡን እንኳ ልበስ፤ አንተ ሰውዬ፣ ሐኪሙ ምን አለ? ቆይ መሐረብ ላምጣልህ" እያልኩ ከኋላቸው ተከተልኩ። ከዘራቸውን ከግድግዳው አነሱ። ከቤት ወጥተው ወደ ድልድዩ አቀኑ።