ከረባት ያሰሩት ደጅ ጠኚዎች

ሳቂታዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ለእኔ ደስታማ ይቺ ፖስትካርድ አትበቃም!

ደጅ መጥናት የእኔና የአንቺ ቢጤ ዕጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ የጸጉር ማለስለሻ የሚያመርቱት ኩባንያዎችም ከረባት ያሰሩ ደጅ ጠኚዎች ቀጥረዋል! እኛ የጸጉር ሠሪዎች ማኅበር ተወካዮች የምክር ቤቱ ኮሚቴ አዳራሽ ስንደርስ የፊት ወንበሩን ሁሉ ይዘውታል። «ጥናቱ አልበቃም» እያሉ የደህንነት ሕጉን ስንት ዓመት ያስጓተቱት እነሱ ናቸው።

ዛሬም አለቃቸው የማለስለሻውን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ፣ «ትንሽ ይሸታል እንጂ ማንንም አይጎዳም» አለ። ሰብሳቢዋ ረጋ ብላ፣ «እንግዲያው ክዳኑን ክፈተውና ንግግርህን ቀጥል» አለችው። እልህ ይዞት ከፈተው። ብዙም ሳይቆይ እንባው ከረባቱ ላይ ዱብ ዱብ! «ይቅርታ» ብሎ ወደ መስኮቱ ሲሮጥ ጓደኞቹ ቀድመውታል። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኛ ግን ለምደነው ዓይናችን እንኳ አልረጠበም። ሰብሳቢዋ የሳቀችው እሱን አይታ ነው፤ የወሰነችው ግን እኛን አይታ ይመስለኛል።

ጠርሙሱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል፣ በየጸጉር ቤቱም አየር ማውጫ ይገባል! ከረባታሞቹ መዘጋጃ ሁለት ዓመት ይሰጠን ብለው ተለማመጡ፤ ስድስት ወር አገኙ። ደጅ መጥናቱን መቼም አይተዉትም።

ቦታ አለቀብኝ፣ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አሠሪያችን እትዬ «አቧራ ይገባል» ብለው በምስማር የመቱትን የጸጉር ቤታችንን መስኮት ዛሬውኑ ክፈቺው። ከተቆጡሽ፣ «ከረባት ያሰሩትም ከፍተዋል» በያቸው።