ሦስተኛው የወርቅ ጥለት

አንድሮስ ደሴት፣ ኅዳር 18 ቀን 1947 እ.ኤ.አ.

ለልጄ ሚስት፣ ለእኔም ልጄ ለሆንሽው ለአርጊሮ፣ እስክንድርያ

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ጉልበቴን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደኅና ነኝ። ዘንድሮ ወይራው ጥሩ ይዟል። የላክሽው ስኳር ደርሶኛል፤ ምን ላይ እንዳዋልኩት ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ባለፈው ወር ከባሕር ኃይል ወረቀት መጣ። ልጄን ያኩሚስን ከመቶ አለቃነት ወደ ሻምበልነት አሳድገነዋል ይላል። የነበረባት መርከብ ፈንጂ መትቷት ከሰጠመች አራት ዓመት አለፈ፤ ሹመቱ አሁን ትዝ አላቸው። ተናድጄ ወረቀቱን ከሥዕለ ማርያም ኋላ ሸጎጥኩት።

ቀጥሎ ፓንዴሊስ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ያ መርከቧ ላይ አብሮት የነበረው መድፈኛ። ወሬውን ሲሰማ፣ «እማማ ማሩሎ፣ የክት ልብሱ እጅጌ ላይ ሦስተኛው የወርቅ ጥለት ካልተሰፋ፣ ከማዕረጉ በታች ሆኖ ተሰቅሏል ማለት ነው» አለኝ።

«አልተሰቀለም፤ ሳጥን ውስጥ ነው» አልኩት።

«ሳጥን ውስጥም ቢሆን ሻምበል ሻምበል ነው» ብሎ ከኪሱ ጥለቱን አወጣ። ለካ አስቀድሞ ሰምቶ ገዝቶት ኖሯል፣ ተንኮለኛው።

ልብሱን ታውቂዋለሽ፤ በሠርጋችሁ ቀን የለበሰው ነው። ጦርነቱ ሲጀመር የክት ልብስ መርከብ ላይ አይወጣም ተብለው፣ «እናቴ፣ ብል እንዳይነካብኝ። ስንመለስ ሰልፍ አለ» ብሎ ከነጫማው ለእኔ ሰጠኝ። ብል አላስነካሁበትም። እጅጌውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስሰፋ ግን፣ ውስጡ ክንድ እንደሌለ እጄ አወቀ። እስከዚያ ቀን ሞተ ሲሉኝ እሰማ ነበር እንጂ አላምንም ነበር። አልደብቅሽም፣ ብዙ አለቀስኩ።

በማግሥቱ አባ ሎንጊኖስ ዘንድ ሄጄ፣ ልብሱን ልቅበረው አልኳቸው። ጎረቤቴ ክራቶ ስትሰማ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አራት ዓመት እንቢ ብለሽ ዛሬ ጨርቅ ልትቀብሪ ነው?» አለችኝ።

«ጨርቅ ከሆነ አንቺ ምን ያስለቅስሻል?» አልኳት። ዓይኗን ጠራርጋ ስንዴውን አብራኝ ቀቀለች። ንፍሮው ላይ የነሰነስነው ያንቺን ስኳር ነው። እጅሽ ቀብሩ ላይ ነበረ ማለት ነው።

መቃብሩ አፍ ላይ ፓንዴሊስ የያኩሚስን አገልግሎት በቃሉ ተናገረ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ባሕር ኃይል መግባቱን፣ አገር ሲያዝ መርከቧን ከጠላት አውጥተው እናንተ ጋ እስክንድርያ መድረሳቸውን፣ ስንቱን የስንቅ መርከብ አጅቦ እንዳሻገረ ሁሉንም አወራ። «በመጨረሻም መርከቧ ስትሰጥም ጀልባው ላይ አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ቀረ» አለ። ያኩሚስ ያንን ቦታ የለቀቀው ለፓንዴሊስ ነበር።

ልብሱን ስናስገባ አባ ሎንጊኖስ፣ «ጫማውስ?» አሉኝ።

«አይጥ በላው» አልኳቸው።

እንግዲህ ልጄ፣ የደሴታችንን ወግ ታውቂያለሽ፤ ባሕር የወሰደው ሰው ልብሱ አፈር ካልገባ ሚስቱ ጥቁሯን አታወልቅም። አሁን ገብቷል። በደብዳቤሽ ስለዚያ ባለ መድኃኒት ቤት፣ ስለ ሚልቲያዲስ፣ ጽፈሽልኛል። ሳሌን አዳነልኝ፣ መጽሐፍ አዋሰኝ ብለሽ ሌላ ምንም አላልሽም። አሮጊት ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። ደግ ሰው ከሆነ እሺ በይው። ገና ሠላሳ ዓመትሽ ነው። በእኔ በኩል እንባው አለ፤ ቂም ግን የለም።

መርከበኛን የሚጠብቀው ቅዱስ ኒኮላዎስ አንቺንም ይጠብቅሽ። በሳቅ የሚሞላ ቤት ይስጥሽ። ወንድ ልጅ ብትወልጂ በአባቱ ወገን ስም ጥሪው፤ ያኩሚስ በይልኝ ብዬ አላስቸግርሽም።

በይ ደኅና ሁኚ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናብ ሊጥል ነው። ጫማውን ቀለም ቀብቼ ደጃፍ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ሳይርስ ላስገባው።

እናትሽ ማሩሎ