የፀጉር አስተካካዩ ሰማያዊ ቤት

ውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ በጤናና በሥራ ላይ ያግኝህ። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንን።

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈራችን የበጎ አድራጎት ክበብ የአሮጊቷን ልብስ ሰፊ ቤት ለማደስ ወጣ። አባትህማ ጡረታ ወጣ እንጂ ቀለም ቀቢነቱን መች ተወው! ብሩሹን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። እኛ በጓሮ በኩል አጥሩን ስንጠግን እሱ ለካ ማዶ ያለውን የፀጉር አስተካካዩን ቤት ሰማያዊ እየቀባ ኖሯል! ሰውየው ከሥራ ሲመለስ ደጁ ላይ ቆሞ፣ "ኧረ ቤቴን ማን ወሰደብኝ?" አለ። በሳቅ ሞትን።

"ጋሼ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ሱቄ ላይ ይሳሳቱልኝ" ብሎ አባትህን አቀፈው።

አባትህም አብሮን ሳቀ። "የልብስ ሰፊዋ ቤት ይሄ አይደል እንዴ?" እያለ ግን ደጋግሞ ጠየቀኝ። ሱሪውን ሁሉ ሲያሰፋ የኖረው እሷ ዘንድ ነው።

የክበቡ ሊቀመንበር፣ ያቺ ተጫዋች አዋላጅ፣ "እርስዎም ይግቡ" ብላኝ አባል ሆኛለሁ። በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ያዥ ሆንኩልህ! አብረን ወጥተን አብረን ስንገባ ሰው "አዲስ ሙሽሮች" እያለ ይቀልድብናል።

የተረፈ ቀይ ቀለም ለምኜም የኛን በር ቀባሁት። ጎረቤታችን "ምነው እንዲህ ደመቀ?" ስትለኝ "አምሮኝ ነው" አልኳት። አባትህ ከሩቅ ሲያየው "ያውና ቤታችን!" ብሎ ይቀድመኛል።

የዓመት ፈቃድህ እስኪደርስ አትጠብቅ፤ ብቅ በልልን። ስትገባ ጮክ ብለህ "አባዬ" በለው። ድምፅህን ወዲያው ነው የሚለየው።

በሄድክበት ሁሉ መንገድህ የቀና ይሁን።

እናትህ